ቅጣት ያማረው እንግዳ

ሰው ጮማ ያምረዋል፤ ጠጅ ያምረዋል፤ አንዳንዱንም ሹመት ያምረዋል። እኔን ሰቆጣ ላይ ያማረኝ ቅጣት ነው። ይህን ስል ጤንነቴን የምትጠራጠሩ አትጠፉም። አልፈርድባችሁም፤ እኔም አንድ ሰሞን ራሴን ጠርጥሬ ነበር። ብቻ ነገሩን ከሥሩ ስሙኝና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

የእንስሳት መኖ ባለሙያ ነኝ። የተወለድኩት ጎጃም፣ ሣር እንደ ልብ በሚበቅልበት አገር ነው። መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ፍየሎች ምን መብላት እንዳለባቸው እንዳስተምር ብሎ ዋግ ኽምራ መደበኝ። የዋግ ፍየል ገደል አፋፍ ላይ በሁለት እግሯ ቆማ የግራር ቅጠል ስትቀነጥስ ላየ ሰው የማንም ባለሙያ ምክር የጎደላት አትመስልም። እኔም አላስቸገርኳትም። ተከባብረን እንኖራለን።

የተከራየሁት ወይዘሮ ዘነቡ ከሚባሉ ባልቴት ግቢ ነው። ግቢው ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው፤ ቄሱ ሲያስነጥሱ እኔ ይማርዎ ማለት እችላለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ የመጀመሪያውን ዓመት ብቸኝነት በልቶኛል። ከሥራ ወጥቼ ሆቴል ቤት ሽሮ በልቼ፣ የማላውቀው ክለብ የማላውቀውን ክለብ ሲያሸንፍ በቴሌቪዥን አይቼ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። ወይዘሮ ዘነቡ ይህን ዓመት ሙሉ ሲታዘቡ ከረሙና አንድ ቀን፣ "አንተ ልጅ፣ የባሌ ቦታ ማኅበሩ ውስጥ ባዶውን ተቀምጧል። ልጆቼ ሁሉም ርቀው ሄደዋል። ለምን ገብተህ አትቀመጥበትም?" አሉኝ። እንዲህ ሆኖ የገብርኤል ማኅበርተኛ ሆንኩ፤ ማለቴ፣ የሆንኩ መሰለኝ።

ማኅበሩ ወር በገባ በአሥራ ዘጠኝ በየተራ ከማኅበርተኛው ቤት ይጠጣል። አለቃው እንደ ደንቡ ሙሴ ይባላል። የእኛ ሙሴ አያ ፈንታው ናቸው፤ አናጢ ናቸው፤ ሲናገሩም ሚስማር እንደሚመቱ ነው። ሕጋቸው ደግሞ አጭር ነው። ያረፈደ፣ ጸሎት ላይ ያወራ፣ ሳይሰናበት የወጣ ሰው ቢጫዋን ጀሪካን ይሸከማል። ጀሪካኗ መያዣዋ ተሰብሮ በገመድ ተቀጥሏል። ጥፋተኛው ከቦኖው ውሃ ሞልቶ ዳገቱን ይወጣና ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የተተከሉትን ችግኞች ያጠጣል። በበጋ በሰቆጣ ችግኝ የሚያጸድቀው ኃጢአት ብቻ ነው። በሩ አጠገብ ያለውን ቁመቱ ሰው የሚያህል ጽድ ሁሉም "የደባሽ ጽድ" ይለዋል። ደባሽ ልብስ ሰፊ ነው፤ በሰዓቱ የመጣበት ቀን አይታወቅም።

ደባሽ ባረፈደ ቁጥር ሙሴው ይጮኹበታል፣ ማኅበርተኛው ይስቅበታል፣ እሱ ይሟገታል፣ ይረታል፣ ጀሪካኗን አንጠልጥሎ ይወጣል። እኔ ከአግዳሚው ጫፍ፣ ከቄሱ ጎን፣ በተነጠፈልኝ የበግ አጎዛ ላይ ተቀምጬ በቅናት አየዋለሁ። ምክንያቱም እኔን የሚቆጣኝ የለም። "እንግዳችን" ነው የምባለው። አባቴ የሚሆኑት አያ ፈንታው "እርስዎ" ይሉኛል። እርስ በርሳቸው በኽምጣና፣ በአገራቸው አገውኛ፣ ሞቅ አድርገው ሲያወሩ እኔ ስገባ ሁሉም ወደ አማርኛ ይዞራሉ፤ አማርኛው ላይ ጨዋታው ይቀዘቅዛል፤ ስለ አየር ጠባይ ይጠይቁኛል። ሰው በአክብሮት ብዛት እንደሚታፈን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ መቀጣት አለብኝ ብዬ ቆረጥኩ።

በመጀመሪያው ወር አረፈድኩ። ተረኛው ጎረቤታችን ነበር፤ በሩ ከበሬ ትይዩ ነው። ክፍሌ ውስጥ ጫማዬን አድርጌ ተቀምጬ ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠበቅኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ ገባሁ። አያ ፈንታው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ልቤ ደነገጠ፣ ደስም አለው።

"ኧረ በገብርኤል! ቦታ ልቀቁላቸው" አሉ። "እንግዳችን መንገዱ ርቋቸው ነው።"

በሚቀጥለው ወር የባሰ አረፈድኩ። ያን ዕለት እበላለሁ ብዬ ሳይሆን የተረፈውን ሲያነሱ ደርሼ ጉድ እንዲፈላ ነበር። ለካስ እኔን ሲጠብቁ አንድም ሰው ዳቦ አልቆረሰም። አረጋውያኑ ሁሉ ፊታቸው ጠውልጎ ተቀምጠዋል። ስገባ አያ ፈንታው ወደ ደባሽ ዞሩ። "አንተ ደባሽ! እንግዳውን ሄደህ ጠርተህ አትመጣም? የተቀመጥከው እኮ በር ላይ ነው!" ደባሽ ተሟገተ፣ ተረታ፣ ጀሪካኗን አነሣ። በአጠገቤ ሲያልፍ እንኳ ክፉ ዓይን አላሳየኝም። "አይዞዎት፣ ለምጃለሁ" አለኝ።

በሦስተኛው ወር ጸሎት ላይ ማውራት ጀመርኩ። ቄስ ኪሮስ በግዕዝ ሲያዜሙ እኔ አጠገቤ ላሉት ሽማግሌ ስለ ዝሆን ሣር ጮክ ብዬ አስረዳለሁ። ቄሱ ዜማቸውን አቋርጠው ይጠብቁኝ ጀመር። ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም፤ ስለ ዝሆን ሣር የማውቀውን ሁሉ፣ የማላውቀውንም ጭምር ተናገርኩ። ስጨርስ ቄሱ በትሕትና "ጨርሰዋል?" ብለው ጠየቁኝና ካቆሙበት ቀጠሉ። አያ ፈንታው ከጸሎቱ በኋላ በማኅበሩ ስም ስለ ሰጠሁት ትምህርት አመሰገኑኝ። ሣሩን ግን ማንም አልተከለም።

የጥር ገብርኤል ዕለት ጽዋው ወደሚቀጥለው ተረኛ የሚተላለፍበት ሰዓት ሲደርስ የወይዘሮ ዘነቡ ባል ተራ እንደ ሆነ ጆሮዬ ገባ። የእኔ ማለት ነው። አያ ፈንታው ግን በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ይዘው በፊቴ አለፉና ወደሚቀጥለው ሰው ሄዱ። "እንግዳ አይደግስም" አሉ ፈገግ ብለው። ነገሩ ለእኔ አዝነው ነው፤ ወንደላጤ ነው፣ ከየት ያመጣል ብለው ነው። እኔን ግን ክው አደረገኝ። ከደገስኩ ማኅበርተኛ ነኝ፤ ካልደገስኩ ተከራይ ነኝ። ይህም ካልተሳካ ዝውውር ጠይቄ ወደ አገሬ እንደምገባ ለራሴ ነግሬዋለሁ።

ብድግ ብዬ "ተራዬን ስጡኝ!" አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። ወይዘሮ ዘነቡም ከሴቶቹ መሀል ተነሡና "የባሌ ተራ ነው! ባሌ በሕይወቱ ተራ አሳልፎ አያውቅም፤ ሞቶ ነው የምታሳልፉት?" አሉ። ሽማግሌዎቹ በኽምጣና ተንሾካሾኩ። ከንግግሩ መሀል የለየሁት አንድ የአማርኛ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም "እንግዳ" የሚለው ነው። በመጨረሻ ጽዋው እጄ ላይ ተቀመጠ። በእልልታ ቤቴ አደረሱኝ። ጽዋውን ደባሽ ሊሸከምልኝ ሞክሮ ነበር፤ ከለከልኩት።

ከወይዘሮ ዘነቡ ጋር ተስማማን። ጠላውና ዳቦው የእሳቸው ነው፤ ወጡ የእኔ ነው፤ በወጡ ጣልቃ እንዳይገቡብኝ አስምያቸዋለሁ። እኔም ዘመኔን ሙሉ ያጠናሁት ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ሊውል ነው ብዬ ተነሣሁ። የፍየል ነገር ከአበርገሌ ወዲያ ላሳር ነው። ለመስክ ሥራ አርብ ዕለት ወደ አበርገሌ ቆላ ወረድኩ። ኔትወርክ በሌለበት፣ ሙቀቱ ድንጋይ በሚያቀልጥበት አገር ከመንደር መንደር እየዞርኩ ጥርሷን እየገለጥኩ፣ ጀርባዋን እየዳሰስኩ፣ አንዲት ቀይ ሙክት የመሰለች፣ ወልዳ የማታውቅ መሲና መረጥኩ። ሰኞ አመሻሹ ላይ በአይሱዙ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ሰቆጣ ገባን።

ወይዘሮ ዘነቡ ቤት አልነበሩም። ጎረቤት ስጠይቅ "ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ እዚያው ያድራሉ" አሉኝ። ከዋዜማው ጀምሮ ለገብርኤል መትጋታቸው ነው ብዬ አደነቅኩ። ለእኔ ሽሮ ትተውልኛል፤ ሽሮው ቅቤ የሚባል ነገር አላየም። ለድግሱ እየቆጠቡ ነው ብዬ እንደ ገና አደነቅኩ። ሰው መጥፎ ዕድል ሲገጥመው ማድነቅ ያበዛል።

ማክሰኞ ጠዋት ፈቃድ ወስጄ፣ በስመ አብ ብዬ አረድኩ። ፍየሏን ዛፍ ላይ ሰቅዬ ስገፍፍ ደባሽ ነጠላውን አጣፍቶ በበሩ ሲያልፍ አየኝ። ቆመ። ፊቱ ተለዋወጠ።

"እንዲያው... አረዱ?" አለ።

"አረድኩ! ስቧን አየህልኝ?"

ስቧን አየ። ሰማዩንም አየ። "በርቱ" አለና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠ። እግዜር ይስጠው፣ ዛሬስ በሰዓቱ ሊደርስ ነው አልኩ። እኔም ጉበቱን በሚጥሚጣ ቀመስ አድርጌ፣ የወይዘሮ ዘነቡን ንጥር ቅቤ ከማሰሮው ሳልሳሳ ዝቄ፣ ሽንኩርቱንና የጥብስ ቅጠሉን ጨምሬ ስጠብስ ዋልኩ። ሽታው ግቢውን ሞልቶ፣ አጥሩን ዘሎ፣ ቅጥሩን አልፎ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄዷል። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት።

በዘጠኝ ሰዓት ማኅበርተኛው ከቤተ ክርስቲያን ተያይዞ መጣ። አንድም የቀረ፣ አንድም ያረፈደ የለም። ወይዘሮ ዘነቡ ብቻ ጸበል ለመቅዳት ወደ ኋላ ቀርተዋል ተባለ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሁሉም አንድ ላይ ቆሙ፤ ከዚያም አንድ ላይ ገቡ። "እንኳን አደረሰዎት" አሉኝ። ተቀመጡ። ጥብሱን ከነጩኸቱ መሀላቸው አስቀመጥኩት። ቄስ ኪሮስ ተነሥተው ዳቦውን ባረኩ፤ መስቀላቸው ዳቦው ላይ ብቻ ቆይቶ በጥብሱ አጠገብ ሲደርስ ወደ ደረታቸው ተመለሰ።

"ብሉ እንጂ!" አልኩ።

አያ ፈንታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ እንኳ ሆዴን ትንሽ ይቆርጠኛል።"

"ደባሽስ?"

"ጥርሴን" አለ ደባሽ። በጥርሱ የጠርሙስ ቆርኪ የሚከፍት ሰው ነው።

"አባቴ፣ እርስዎስ?"

"እኔማ ልጄ፣ ሽታው ብቻውን አጥግቦኛል" አሉ ቄስ ኪሮስ። እውነታቸውን ነበር።

አንዱ ራሴን አለ፤ አንዷ ጨጓራዬን አለች፤ ቤቴ ጤና ጣቢያ መሰለ። ሁሉም በአማርኛ ነው የታመሙት። ሆዴ ባባ። የባይተዋር ምግብ ስለሆነ ተጸየፉኝ አልኩ። ያ ሁሉ አጎዛ፣ ያ ሁሉ "እንግዳችን" ለካስ በእነሱ ቤት እንጂ ከእኔ ቤት መብላት ሲመጣ አይሠራም! እንባ እንባ እያለኝ አንድ ጥቅል ጉርሻ፣ ቅቤው ክንዴ ላይ እየወረደ፣ አዘጋጀሁና አያ ፈንታው ፊት ቆምኩ።

"አያ ፈንታው፣ ቤቴ ቤትዎ ካልሆነ ዛሬውኑ ይንገሩኝና አገሬ ልግባ። ከሆነ ግን በዛሬው ገብርኤል፣ ይህቺን ይጉረሱልኝ!"

አፋቸውን ጥርቅም አደረጉ። ራሳቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። እኔም ተከተልኳቸው። ግድግዳው ሲደርስ መሸሻ አጡ፤ ጉርሻው ጺማቸውን ነካ። ያን ጊዜ ፈነዱ።

መጀመሪያ የፈነዱት በኽምጣና ነው። ረጅም ነበር። አንድም ቃል አልገባኝም፤ ግን አንድም ያልገባኝ ነገር የለም። ትንፋሻቸው ሲያልቅ ወደ አማርኛ ገቡ።

"አንተ ልጅ! አብደሃል? ነነዌ ነው እኮ! ጾመ ነነዌ! እሁድ በዐውደ ምሕረቱ ሲታወጅ የት ነበርክ?"

አበርገሌ ነበርኩ። የፍየል ጥርስ እየገለጥኩ ነበር። ነነዌ ቀኗ በየዓመቱ ይዋዥቃል፤ ሰኞ ገብታ ረቡዕ ትወጣለች፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ያልሳመ ሰው አያገኛትም።

"በነነዌ ከተማ" ቀጠሉ አያ ፈንታው፣ "ሰው ብቻ አይደለም፣ ከብቱ እንኳ ጾሟል! አንተ የእንስሳት መኖ ባለሙያ ተብለህ የሚጾመውን እንስሳ አርደህ ታቀርባለህ?"

ጉርሻዬን ይዤ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ይህ በትምህርት ቤት አልተሰጠንም።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው። ያመማቸው ሁሉ ዳኑ። ከሁሉም አቅጣጫ "አንተ!" "ምን ነካህ!" "ልብ የለህም!" ይዘንብብኝ ጀመር፤ ግማሹ በኽምጣና፣ ግማሹ በአማርኛ፤ የቱን በየትኛው እንደሚሉት የሚመርጥልኝ አልነበረም። መሀል ላይ ወይዘሮ ዘነቡ ጸበላቸውን ይዘው ደረሱና ማሰሮውን አዩ።

"ቅቤዬን ነው?" አሉ። "ቀምሰሃል?"

"ለጨው ብቻ" አልኩ።

"ጉበቱስ?"

አፌን በእጄ ጀርባ ጠረግኩ። ቤቱ ሁሉ "ኡኡ" አለ።

ቄስ ኪሮስ እጃቸውን አነሡ። "የንስሐ አባትህ ማን ናቸው?"

"ጎጃም ናቸው፣ አባቴ።"

"ጎጃም ሆነው ይህን አላዩም። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ። ነገ ከኪዳን በፊት እንገናኝ፤ ስግደት አለብህ።"

አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። አፍሬያለሁ፤ መሬት ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ግን እውነቱን እንድነግራችሁ ከፈለጋችሁ፣ በዚያ በጾም ቀን ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ምርመራ ሆነ። ደባሽ ጠዋት ማየቱ ታወቀ። "አይተህ ዝም አልክ?" ሲሉት "እንግዳ ናቸው ብዬ! እንግዳን እንዴት እቆጣለሁ?" አለ። "እኔም እኮ ሽታው ከቅዳሴው መሀል ሲደርሰኝ የሰይጣን ፈተና ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አሉ አንድ ሽማግሌ። አያ ፈንታው ፍርድ ሰጡ። ያልበሰለው ሥጋ ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሁን፣ ሐሙስ ጾሙ ሲፈታ መጥተን እንበላዋለን። የተጠበሰውን ግን ምን እናድርገው? አንዷ "ለሰይድ ስጡት" አለች፤ ሰይድ የማዕዘኑ ባለ ሱቅ ነው። ሰይድ ግን ሙስሊም ነው፤ የክርስቲያን ቢላ ያረፈበትን አይቀምስም። በመጨረሻ ከአካባቢው ሃይማኖት የሌለው የወይዘሮ ዘነቡ ውሻ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እሱም ደንግጦ ቆሞ አይቶን፣ ማንም እንደማይመልሰው ሲያረጋግጥ ጀመረ።

ከጥብሱ በቀር ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረም። ማኅበርተኛው ግን ሳይነጋገር ተበተነ። ትተውኝ መሄዳቸው ነው ብዬ ተስፋ ስቆርጥ አንዷ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ ተመለሰች። አንዱ የምስር ወጥ ከነድስቱ አመጣ። ደባሽ ለራት የተቀመጠለትን ሽሮ ከቤቱ ሳያስፈቅድ አምጥቶ ከሚስቱ ጋር በር ላይ ተጣላ። ቅቤ የነካውን ሁሉ ሴቶቹ ከቤቴ አስወጥተው በአመድ ፈተጉት፤ እኔንም አብሬ እንድፈትግ አዘዙኝ። አጎዛው የት እንደ ገባ አላውቅም፤ የተቀመጥኩት በር አጠገብ፣ ከደባሽ ጎን፣ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ነው። ጨዋታው በኽምጣና ሲደራ ማንም አልተረጎመልኝም። ሲስቁ ወደ እኔ እያዩ ስለሚስቁ ርዕሱን ደርሼበታለሁ።

ጽዋው ከተላለፈ በኋላ ቢጫዋ ጀሪካን ፊቴ ተቀመጠች። አያ ፈንታው ምንም አላሉም፤ በእግራቸው ብቻ ገፋ አደረጓት። አይቶ ዝም ላለው ለደባሽም ከሰይድ ሱቅ ሌላ ጀሪካን ተለመነ። ሁለታችን ከቦኖው ሞልተን ዳገቱን ጀመርነው። ገመዷ ትከሻዬን ትበላለች። ውሃው በጀርባዬ ይወርዳል። "እንዲያ አይደለም የሚያዝ፣ ጎጃሜ!" ይለኛል ደባሽ ከኋላዬ። "ስንት ጊዜ ስሸከም አይተህ እንዴት አትማርም?" እሱም "አንተ" ማለት ጀምሯል።

ቅጥሩ ውስጥ አያ ፈንታው ቀድመውን ቆመው ነበር። ወደ አንዲት ጥግ ወሰዱኝ፤ ከጉልበቴ በታች የሆነች፣ ቅጠሏ የተኮማተረ ወይራ አለች።

"ይቺ ጥፋተኛ አጥታ ነው የደረቀችው" አሉ። "ያንተ ናት።"

ጀሪካኗን ዘቅዝቄ ሥሯ ላይ አፈሰስኩ። አፈሩ ሲጠጣ ይሰማል። አያ ፈንታው ጎንበስ ብለው አዩና የጀሪካኗን ሆድ በጣታቸው መቱት።

"መንገድ ላይ አፍስሰኸዋል። ጎደሎ ነው" አሉ። "ተመለስና ሙላ።"

ዳገቱን እየሮጥኩ ወረድኩ።